ወርቃማው ሦስት ማዕዘን፦ ኦፒየሙ ከአንዱ ዳርቻ ሄደ፣ ከሌላው ግን አልጠፋም

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025 ከሚያንማር የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ተለቀው፣ ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ የገቡ 260 የውጭ አገር ሰዎች ዜና ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ቀልቡን ሰቅዞ ያዘው። ከ260ዎቹ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በማኅበራዊ ሚዲያ "የታይላንድ ድንበር" ሲባል ሁለት ነገር ይደበላለቃል። አንዱ ወገን አካባቢውን በሙሉ የወንበዴ አገር ያደርገዋል። ሌላው በጭጋግ የተሸፈነ ተራራና የሻይ ማሳ ፎቶ ይለጥፍና "ድሮ የኦፒየም አገር፣ ዛሬ የቱሪስት ገነት" ይላል።

ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው። ታይላንድ በኩል ያለው ተራራ በእርግጥ ከኦፒየም፣ ማለትም ከፖፒ ተክል ፍሬ ከሚወጣው አደንዛዥ ዕፅ፣ ተላቋል፤ ሰዉም በሰላም ይጎበኘዋል። ንግዱ ግን አልሞተም። ወንዙን ተሻግሮ ቀጠለ፣ ዕቃውንም ቀየረ። ይህ ጽሑፍ ለምን እንደዚያ እንደሆነና አካባቢውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳል። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ድንበር ነው?

ወርቃማው ሦስት ማዕዘን ታይላንድ፣ ላኦስና ሚያንማር የሚገናኙበት አካባቢ ነው። ስሙ በጠባቡም በሰፊውም ይሠራበታል። በጠባቡ፣ ሩዋክ የሚባለው ትንሽ ወንዝ ከትልቁ ሜኮንግ የሚቀላቀልበት ቦታ ነው። በታይላንድ በኩል ሶፕ ሩዋክ የምትባል መንደር አለች። የምትገኘው በቺያንግ ራይ ክፍለ ሀገር ነው። እዚያ ኮረብታ ላይ የወጣ ሰው ሦስቱንም አገር በአንድ እይታ ያያል።

በሰፊው ሲወሰድ ግን ስሙ የሚያንማርን የሻን ግዛት፣ የሰሜን ላኦስንና የሰሜን ታይላንድን ተራሮች ያጠቃልላል። ኦፒየም ይበቅል የነበረውም፣ አሁንም የሚበቅለውም በዚህ በሰፊው ክልል ከፍታዎች ላይ ነው። ስሙን በ1971 የተናገረው ማርሻል ግሪን የተባለ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን ነው፤ ጋዜጠኞች ተቀበሉት፣ ከዚያም የቱሪስት ቢሮዎች።

ኢትዮጵያውያኑ የወጡበት ምያዋዲ ሌላ ቦታ ነው። ምያዋዲ የሚያንማር ከተማ ሲሆን ከታይላንዷ ሜ ሶት ጋር የሚለየው ሞይ የተባለ ወንዝ ነው። ከሶፕ ሩዋክ በመንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይርቃል። ስለዚህ ቺያንግ ራይ ለሽርሽር የሄደ ሰው ምያዋዲ አጠገብ አይደርስም። ሁለቱን ቦታዎች የሚያመሳስላቸው ርቀቱ ሳይሆን የችግሩ ሥር ነው። በሁለቱም በኩል የሚያንማር ማዕከላዊ መንግሥት በአግባቡ የማያዝበት፣ በታጣቂ ቡድኖች እጅ ያለ መሬት አለ።

ኦፒየም ለምን ተራራ ላይ?

ብዙ ሰው ኦፒየም የሚያመርት ገበሬ ሀብታም ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ለገበሬው ኦፒየም የድህነት ሰብል ነው። ለምን እንደሚመርጠው ለመረዳት ሥራውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል።

ዘሩ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ በሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። የሚስማማው ቀዝቀዝ ያለ ከፍታ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አበባው ነጭ፣ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ያምራል፤ ገበሬው ግን የሚጠብቀው እስኪረግፍ ነው። አበባው ሲረግፍ እንቁላል የሚያክል አረንጓዴ ፍሬ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ገበሬዋ ሦስት ወይም አራት ስስ ስለት አንድ ላይ የታሰረበት ትንሽ ቢላ ይዛ ትገባለች። ፍሬውን ከላይ ወደ ታች ትጭረዋለች። በጣም ከጠለቀ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በጣም ከሳሳ አይወጣም። ነጭ ወተት የመሰለው ፈሳሽ ሌሊቱን ይንጠባጠብና ይጠቁራል። በማግስቱ ጠዋት ተፍቆ ይሰበሰባል። ብዙዎች ማሳው ውስጥ የሚሄዱት ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው። አለበለዚያ ያ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ልብሳቸው ላይ ይቀራል። አንድ ፍሬ ብዙ ጊዜ ይጫራል። በሚያንማር በ2023 በተደረገ የተባበሩት መንግሥታት ጥናት መሠረት ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ደረቅ ኦፒየም በአማካይ 23 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? መልሱ መንገድ ነው። ጎመን ወይም ቲማቲም መንገድ በሌለው ተራራ ላይ ያመረተ ሰው ገበያ ሳይደርስ ይበሰብስበታል። ኦፒየም አይበሰብስም፤ ዓመታት ይቀመጣል። ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ በጀርባ ይሸከሙታል። ከሁሉም በላይ ነጋዴው ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ ይገዛል፤ ሲቸግር ቀብድ ይሰጣል። ሐኪም ቤት በሌለበት ተራራ ደግሞ ለሕመም ማስታገሻም ሆኖ ያገለግል ነበር። ባንክ፣ መንገድና ክሊኒክ የሌለው ሰው ሦስቱንም በአንድ ሰብል ያገኛል ማለት ነው። ዕዳውና ሱሱም አብሮ ይመጣል።

ይህን ጉዳይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው በተመሳሳይ ስሌት ነው። ጫት ቶሎ ብር ያመጣል፣ ገዢውም ደጅ ድረስ ይመጣል። ጫት ኦፒየም አይደለም፤ በአገራችንም ሕጋዊ ነው። የገበሬው ሒሳብ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ጠመንጃው ከየት መጣ?

በታይላንድ የኦፒየም ሽያጭ እስከ 1959 ሕጋዊ ነበር። መንግሥት ራሱ በብቸኝነት ይሸጠው ነበር፤ ግብርም ያስገኝለት ነበር። ፈረንሳይም በያኔው ኢንዶቻይና፣ እንግሊዝም በሕንድ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እንዲያውም እንግሊዝ ከ1839 ጀምሮ ከቻይና ጋር ሁለት ጊዜ የተዋጋችው ኦፒየሟን በግድ ለመሸጥ ነበር። ስለዚህ ነገሩን የተራራ ጎሳዎች ክፉ ልማድ አድርጎ ማቅረብ ታሪኩን ያዛባል።

ንግዱን ወደ ጦር ንግድ የለወጠው የቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ነው። በ1949 ኮሙኒስቶች ሲያሸንፉ፣ የተሸነፈው የብሔርተኛው ሠራዊት ክፍል ወደ በርማ፣ ያሁኗ ሚያንማር፣ ሸሸ። ከዚያም የተወሰነው በሰሜን ታይላንድ ሜ ሳሎንግ በሚባል ተራራ ላይ ሰፈረ። ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት አልነበረውም። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ቱዋን ሺ ዌን በ1967 ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሳይሸሽግ ተናግሮታል፦ ለመዋጋት ጦር ያስፈልጋል፣ ጦር ጠመንጃ ይፈልጋል፣ ጠመንጃ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በዚህ ተራራ ላይ ያለው ገንዘብ ደግሞ ኦፒየም ብቻ ነው። የታይላንድ መንግሥት እነዚህን ሰዎች ኮሙኒስቶችን ይዋጉልኛል ብሎ ታገሳቸው። አሜሪካም በቀዝቃዛው ጦርነት ሒሳብ አይታ እንዳላየች ሆነች።

የቬትናም ጦርነት ሲፋፋም ገበያው ወደ ሄሮይን ተሸጋገረ። ሄሮይን ከኦፒየም በኬሚካል የሚሠራ፣ እጅግ የበረታ ዕፅ ነው። አንድ ኪሎ ለመሥራት አሥር ኪሎ ገደማ ኦፒየም ይፈልጋል። በዚህ ዘመን ስሙ የገነነው ኩን ሳ ነው። እናቱ ሻን፣ አባቱ ቻይናዊ ነበሩ። ባን ሂን ቴክ በሚባል የታይላንድ መንደር ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። በጃንዋሪ 1982 የታይላንድ ጦር አባረረው። ወደ ሻን ግዛት ተሻግሮ በሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ገነባ። አሜሪካ ከስሳው ለሚያስይዘው 2 ሚሊዮን ዶላር ብታዘጋጅም አልተያዘም። በ1996 ለሚያንማር መንግሥት እጁን ሰጠ፤ ለፍርድ ሳይቀርብ በ2007 ያንጎን ውስጥ በሰላም አረፈ።

የኩን ሳ እጅ መስጠት ብዙዎችን "አለቀ" አሰኝቶ ነበር። አላለቀም። ሰውየው ሄደ፤ መሬቱን ያለ መንግሥት ያስቀረው ሁኔታ ግን እንዳለ ቀረ። አንድ ዝነኛ አለቃ በተያዘ ቁጥር "ንግዱ ተሰበረ" የሚለው ዜና አሳሳች የሚሆነው ለዚህ ነው።

ታይላንድ እንዴት ወጣች?

በ1960ዎቹ አጋማሽ በተደረገ ጥናት በታይላንድ ወደ 18,000 ሄክታር መሬት በኦፒየም ተሸፍኖ ነበር። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህ ሁሉ ወደ ጥቂት መቶ ሄክታር ወርዶ ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ስኬት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አካሄዱን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ዘዴው አማራጭ ልማት ይባላል። ገበሬው ሕገወጡን ሰብል እንዲተው መጀመሪያ ሌላ የገቢ ምንጭ፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ማምጣት ማለት ነው። ንጉሥ ቡሚቦል በ1969 የንጉሣዊ ፕሮጀክት የሚባለውን ጀመሩ። በቀዝቃዛው ተራራ ፒች፣ አትክልትና አበባ ይሞከር ጀመር። ዋናው ቁም ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መንግሥት ማሳ በኃይል ማጨድ የጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ማለትም ልማቱ ከተጀመረ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሌሎች አገሮች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ያጭዳሉ፣ ከዚያ ልማት ይመጣል ብለው ቃል ይገባሉ። ገበሬው በመሐል ያለውን ረሃብ የሚያልፍበት መንገድ ስለሌለው ተመልሶ ይዘራል።

ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ዶይ ቱንግ የዚህ ሥራ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው። በ1988 የንጉሡ እናት ልዕልት ስሪናጋሪንድራ የ87 ዓመት ሴት ሆነው ጀመሩት። ያኔ ተራራው ተመንጥሮ ራቁቱን ነበር። ፕሮጀክቱ 15,000 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ 29 መንደሮችና ወደ 11,000 የሚሆኑ የአካ፣ የላሁ፣ የሻንና የሌሎች ሕዝቦች ነዋሪዎች አሉበት። መጀመሪያ ለሱሰኞች ሕክምና ተከፈተ። ነዋሪው ችግኝ እየተከለ የቀን ደመወዝ እንዲያገኝ ተደረገ። ከዚያ የማካዳሚያ ለውዝና አረቢካ ቡና ተተከለ።

የአረቢካ ቡና የትውልድ ቦታው የእኛ የደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከካፋና ከአካባቢው ደን ወጥቶ ዓለምን የዞረ ዛፍ፣ በሰሜን ታይላንድ ኦፒየምን ካስለቀቁት ሰብሎች አንዱ ሆኗል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቡናው ግን ብቻውን አልሠራም። ዶይ ቱንግ ላይ ቡናው እዚያው ይቆላል፣ ይታሸጋል፣ በራሱ ስም በከተማ ካፌ ይሸጣል። ጥሬ ቡና ብቻ ሸጦ ቢሆን ኖሮ ገበሬው የዓለም ዋጋ በወደቀ ቁጥር ወደ ጥንቱ ይመለስ ነበር።

በዚህ ስኬት ላይ ግን የተለያየ አስተያየት አለ። አንዱ ወገን ውጤቱን ለንጉሣዊው ቤተሰብና ለልማቱ ይሰጣል። ሌላው ወገን ታይላንድ በእነዚያ ዓመታት በፍጥነት ያደገች አገር መሆኗን ያስታውሳል፤ የተራራው ወጣት ከተማ ሥራ አገኘ፣ ሠራዊቱም ድንበሩን ተቆጣጠረ ይላል። ሦስተኛው ትችት ይበልጥ ይመርራል። ብዙ የተራራ ነዋሪ ኦፒየሙን ተወ፣ ዜግነት ግን አላገኘም። ያለ መታወቂያ ከወረዳ ወረዳ መሄድም፣ መሬት መያዝም አስቸጋሪ ነው። መንግሥት በኦክቶበር 2024 ወደ 483,000 ለሚሆኑ አገር አልባ ሰዎች የዜግነቱን ነገር ለማፋጠን ወስኗል። ውሳኔው የመጣው ኦፒየሙ ከተተወ ከሁለት አሥርተ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። በ2003 መንግሥት ባወጀው የፀረ ዕፅ ዘመቻ ደግሞ በሦስት ወር ከ2,000 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ብዙዎቹ ፍርድ ቤት ሳያያቸው ነው። "የታይላንድ ሞዴል" ሲወደስ ይህም አብሮ መነገር አለበት።

በእኔ ዕይታ ልማቱም ሆነ ዕድገቱ የሠራው መንግሥት እዚያ መድረስ ስለቻለ ነው። መንገድ የሚሠራ፣ የሚያስተምር፣ የሚያክም መንግሥት ተራራው ላይ ወጣ። ወንዙ ማዶ ይህ አልሆነም።

ወንዙ ማዶ

በዕፅ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የፊኛ ውጤት የሚሉት ነገር አለ። ፊኛን በአንድ በኩል ስትጫነው አየሩ አይጠፋም፤ በሌላ በኩል ያብጣል። ታይላንድ ስትጫን ሻን ግዛት አበጠ። በቅርቡ ደግሞ ተጫኙ ከሩቅ መጣ። የአፍጋኒስታን ታሊባን በኤፕሪል 2022 ኦፒየምን ከለከለ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአፍጋኒስታን ማሳ ከ233,000 ሄክታር ወደ 10,800 ወረደ። በ2023 ሚያንማር በዓለም አንደኛ የኦፒየም አምራች ሆነች።

ሚያንማር ውስጥም ምክንያት ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ጦሩ ሥልጣን ያዘ። ጦርነቱ ተስፋፋ፣ ገንዘቡ ረከሰ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ናረ፣ ሕጋዊው ገበያ ተዘጋ። መንገድ ላይ በየኬላው ቀረጥ የሚጠየቅ ገበሬ በቆሎ ጭኖ ሊሄድ አይችልም። የኦፒየም ማሳው በ2020 ከነበረበት 29,500 ሄክታር በ2025 ወደ 53,100 ደርሷል። ይህም በአሥር ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ነው። ገበሬው የሚያገኘው ዋጋም ከ2019 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

የአካባቢው ትልቁ የዕፅ ንግድ ግን አሁን ኦፒየም አይደለም። ሜታምፌታሚን ነው። ይህ በላብራቶሪ የሚሠራ አነቃቂ ዕፅ ነው። በክኒን መልኩ በታይላንድ ያባ ይባላል፤ በክሪስታል መልኩም ይሸጣል። ለወንጀለኛው ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ማሳ አይፈልግም፣ ወቅት አይጠብቅም፣ ከሳተላይት አይታይም። የሚያስፈልገው ኬሚካል፣ ጄኔሬተርና የሚጠብቀው ታጣቂ ነው። በኦክቶበር 2021 የላኦስ ፖሊስ ቦኬዮ ክፍለ ሀገር ላይ አንድ የቢራ ጭነት መኪና አስቆመ። በቢራ ሳጥኖቹ ውስጥ ከ55 ሚሊዮን በላይ ክኒንና ከ1.5 ቶን በላይ ክሪስታል ነበር። በ2024 በምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ እስያ የተያዘው ሜታምፌታሚን 236 ቶን ነው። ይህን ያህል ተይዞም የክኒኑ ዋጋ አልተወደደም፤ ረክሷል። ይህ የሚያሳየው ከተያዘው ይልቅ ያለፈው እንደሚበልጥ ነው።

"ኦፒየም ጠፋ" የሚለው መስፈርት ብቻውን የማያስኬደው ለዚህ ነው። የሚያንማሩ የዋ ታጣቂ ኃይል በ2005 በግዛቱ ኦፒየምን ከልክሏል። ክልከላው ሠርቷል። ግዛቱ ግን ከሜታምፌታሚን ንግድ ጋር ስሙ ሲነሳ ኖሯል። ገበሬው ሰብሉን አጣ፣ አለቆቹ ሌላ ንግድ አገኙ።

ካዚኖ፣ ዞንና ካምፕ

ከሶፕ ሩዋክ ሜኮንግን አሻግሮ የሚያይ ሰው በላኦስ ዳርቻ የዘውድ ቅርጽ ያለው ወርቃማ ጣሪያ ይታየዋል። ካዚኖ ነው። ዙሪያው የወርቃማው ሦስት ማዕዘን ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ይባላል። ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ማለት መንግሥት ባለሀብት ለመሳብ የተለየ ሕግና ታክስ የሚሰጠው መሬት ነው፤ እንደኛ የኢንዱስትሪ ፓርክ ቢጤ፣ ግን በጣም የሰፋ ሥልጣን ያለው። ይህኛው በ2007 ለ99 ዓመት የተሰጠው ዣኦ ዌይ ለሚባል ቻይናዊ ባለሀብት ነው። የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 2018 ዣኦ ዌይንና ድርጅቱን ከዕፅና ከሰዎች ዝውውር ጋር አያይዞ ማዕቀብ ጥሎባቸዋል። እሱ ክሱን አስተባብሏል። የላኦስ መንግሥት ዞኑ ሥራ ፈጥሯል፣ ድሃውን ክፍለ ሀገር አልምቷል ይላል። መንገዱ፣ ሆቴሉና አውሮፕላን ማረፊያው በእርግጥ አሉ። ሆኖም ራሱ መንግሥት በ2024 በዞኑ የነበሩ የኦንላይን አጭበርባሪዎች እስከ ኦገስት 25 ለቀው እንዲወጡ ቀነ ገደብ ማስቀመጥ ግድ ሆኖበታል።

ምያዋዲ ላይ ያሉት ካምፖችም የተነሱት በዚሁ መንገድ ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ ካዚኖ ነበሩ። ኮቪድ ቁማርተኛውን ሲያስቀር ሕንጻው ወደ ስልክና ኮምፒውተር ማጭበርበር ተለወጠ። ሥራው ቋንቋ የሚችሉ ወጣቶችን ይፈልጋል። እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚያውቅ፣ ሥራ ያጣ የአዲስ አበባ ምሩቅ ለደላላ ጥሩ ዒላማ ሆነ። ጉዞው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም ይመጣል። በረራው እስከ ባንኮክ ነው። ከባንኮክ "ቢሮው ትንሽ ወጣ ይላል" ተብሎ ረጅም የመኪና መንገድ ይጀመራል። ሜ ሶት ሲደርስ ጀልባ ይጠብቃል። በታይላንድ ለመሥራት ለሥራ የተሰጠ ቪዛ ያስፈልጋል። በቱሪስት ቪዛ ግቡ፣ እዚያ እናስተካክላለን የሚል ቀጣሪ አደገኛ ነው።

ታይላንድ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2025 ለአምስት የሚያንማር ድንበር ቦታዎች የምትሰጠውን መብራት፣ ነዳጅና ኢንተርኔት ቆረጠች። ከአምስቱ ውስጥ ወርቃማው ሦስት ማዕዘን አጠገብ ያለችው ታቺሌክ ከተማ አለችበት። ደጋፊዎቹ እርምጃው ካምፖቹን አስጨነቀ አሉ፤ ሰዎች በብዛት መለቀቅ የጀመሩትም ከዚያ በኋላ ነው። ተቺዎቹ ጄኔሬተርና የሳተላይት ኢንተርኔት እያለ መብራት መቁረጥ የሚጎዳው ተራውን ነዋሪና ሆስፒታሉን ነው አሉ። የሁለቱም ክርክር ውኃ ያነሳል።

የሚሄድ ሰው ምን ያያል?

በቺያንግ ራይ በኩል ያለው ጉብኝት ቀላልና ሰላማዊ ነው። ከቺያንግ ራይ ከተማ ሶፕ ሩዋክ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ዳር በመርከብ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ወርቃማ ቡድሃ አለ፤ ሁሉም ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። ከፎቶው ይልቅ ጊዜ የሚያስፈልገው የኦፒየም ሙዚየሙ ነው። የዶይ ቱንግ ሥራን የሚመራው የሜ ፋ ሉዋንግ ፋውንዴሽን ነው ያሠራው። በረጅም ጨለማ ዋሻ ያስገባና ከጥንት መድኃኒትነቱ እስከ ቅኝ ግዛት ንግድ፣ ከዚያም እስከ ሱስ ያደርሳል። በኦፒየም ያልተነካ ኃያል አገር እንደሌለ ያሳያል። የታይላንድን መንግሥትም ሽያጭ አይደብቅም።

ሜ ሳሎንግ ዛሬ የኡሎንግ ሻይ አገር ነው። የወታደሮቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ሻይ ይለቅማሉ፤ የጄኔራሉ መቃብር ኮረብታው ላይ አለ። ጠዋት ገበያው ላይ አካና ላሁ እናቶች አትክልት ዘርግተው ይሸጣሉ። የኩን ሳ የድሮ ምሽግም ባን ቶኧት ታይ በሚል አዲስ ስም ይጎበኛል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶች የዕፅ አለቃን ቤት ሙዚየም ማድረግ ወንጀልን ማስጌጥ ነው ይላሉ። ሌሎች መንደሩ የሚኖረው በዚህ ገቢ ነው፣ ታሪኩም የራሱ ነው ይላሉ። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለቱሪስት ተብለው የተሠሩ "የረጅም አንገት" መንደሮች አሉ። ቀለበት የሚያደርጉት የካያን ሴቶች ከሚያንማር የተሰደዱ ናቸው፤ ብዙዎቹ እንደልባቸው የመንቀሳቀስ መብት የላቸውም። መግቢያ ከፍሎ ሰው ማየት ከጉብኝት ወደ ሌላ ነገር ያልፋል። በዶይ ቱንግ ቡና ጠጥቶ፣ በነዋሪው ቤት አድሮ፣ ገንዘቡን እዚያ መተው ይሻላል።

የሚመረጠው ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ነው። አየሩ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል በሦስቱም አገሮች ማሳና ደን ስለሚቃጠል ጭሱ ተራራውን ይጋርደዋል፣ ሳንባንም ይጎዳል። አስም ያለበት ሰው በዚያ ወቅት ባይሄድ ይመረጣል። ከታይላንዷ የድንበር ከተማ ከሜ ሳይ ወደ ታቺሌክ የመሻገሩ ነገር እንደ ጦርነቱ ሁኔታ ይለዋወጣል፤ በአሁኑ ሁኔታ ባይሞከር ይሻላል። የቪዛ ደንቡም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የታይላንድን ኤምባሲ መጠየቅ ነው። ከማያውቁት ሰው ሻንጣም ሆነ ዕቃ መቀበል ፈጽሞ አይገባም። በዕፅ የተያዘ የውጭ ዜጋ ላይ የሦስቱም አገሮች ሕግ ከባድ ነው።

ከዚህ በኋላ

የሚያንማር ጦርነት እስካልበረደ ድረስ ኦፒየሙ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ዋጋው ጥሩ ነው፣ ሕጋዊው ገበያ ዝግ ነው። ሜታምፌታሚኑ ደግሞ የኦፒየም ዋጋ ቢወድቅ እንኳ አይነካም።

አሁን ግን ድንበሩን የሚሻገር አዲስ ነገር መጥቷል። የኮክ ወንዝ ከሻን ግዛት ተነስቶ በቺያንግ ራይ ከተማ መሐል ያልፋል፤ ቺያንግ ሳየን አጠገብ ሜኮንግን ይቀላቀላል። በ2025 ኤፕሪል ገደማ የታይላንድ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በውኃው ውስጥ ከተፈቀደው መጠን ያለፈ አርሴኒክ አገኘ። አርሴኒክ በትንሽ በትንሹ ሰውነት ውስጥ ሲከማች ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። ነዋሪው ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ ተነገረው። ዓሣ አጥማጁ ገዢ አጣ፤ ዝሆን እያጠቡ ቱሪስት ያስተናግዱ የነበሩ መንደሮችም ሥራቸው ቀዘቀዘ። የተጠረጠሩት ላይኛው ተፋሰስ ላይ የተከፈቱ የወርቅና ብርቅዬ የሚባሉት ማዕድናት ቁፋሮዎች ናቸው። እነዚህ ማዕድናት ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተርና ለስልክ የሚፈለጉ ናቸው።

ታይላንድ ኦፒየምን ያስለቀቀችው በራሷ ተራራ ላይ በራሷ መንግሥት ሠርታ ነው። ለወንዙ ያ ዘዴ አይሠራም። ቁፋሮው ያለው በሚያንማር ካርታ ውስጥ ነው፤ ከቦታው አብዛኛውን የሚያዙት ግን የዋ ኃይልና ሌሎች ታጣቂዎች ናቸው፤ ማዕድኑን የሚገዛው ገበያ ደግሞ ቻይና ነው። ባንኮክ ከሚያንማር ዋና ከተማ ከኔፒዶ ጋር ብቻ ብትፈራረም ላይኛው ተፋሰስ ላይ ያለ አንድ ቁፋሮ አይቆምም። የቺያንግ ራይ ነዋሪዎች ሰልፍ የወጡትም መንግሥታቸው ቤጂንግንና የታጣቂዎቹን አለቆች ጭምር እንዲያነጋግር ለመጠየቅ ነው።